የቲማቲም ሌሊት

አምና እዚህ ናልድዋይክ ሰማይ አይጠቁርም ነበር፤
ብርቱካን መስሎ ያድራል፣ ከሰሜን ባሕር ዳር።
የመስታወቱ ቤት፣ ከቦዩ እስከ መንገድ፣
እሳት የያዘው መስሎ፣ ጭስ ሳይኖረው ሲነድ፣
የኮርኔሊስ አውራ ዶሮ ግራ እየገባው፣
በውድቅት ይጮኻል፣ የነጋ እየመሰለው።
ሽማግሌው ይወጣል፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
«ዝም በል፣ አንተ ቀጣፊ!» ይለዋል ቀርቦ።
ዶሮው መች ቀጠፈ? ያየውን አወራ፤
ቀጣፊውስ መብራት፣ ሳይነጋ የበራ።

እኔም ዶሮ አለኝ።
ሐኪሟ ነገረችኝ፣ ሃኔኬ የዴልፍቷ፣
ወረቀት ላይ ሥላ፣ እርሳስ ይዛ በእጇ፦
«ከዓይንሽ ብሌን ጀርባ፣ ከአንጎልሽ በታች፣
ከሰሊጥ የማትበልጥ አንዲት ቅንጣት አለች።
ጀንበር ስትጠልቅ አይታ፣ ጉበትሽን ታስተኛለች፣
ሆድሽን ታሳርፋለች፣ ደምሽን ታበርዳለች፤
ሜላቶኒን የሚሉትን፣ የጨለማ ወዙን፣
ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣ ስታጣ ብርሃኑን።
ነጭ መብራት ስታይ ግን፣ ሰማያዊ ያዘለ፣
‹ቀን ነው› ብላ ታውጃለች፤ ጠብታው ተከለከለ።»

የእጄ ሰዓት ሁለት ሲል፣ ለኔ ሌሊት ስምንት ነው፤
ስድስት ደምሬ፣ ስድስት ቀንሼ፣ ሁለቱን ካስታረቅኋቸው
ቆየሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴ።
ሦስተኛው ግን፣ ይሄ የውስጥ ሰዓቴ፣
በስንት ተደምሮ፣ በስንት ይቀነሳል?
ራት ስበላ ነግቶ፣ ቁርሴ ላይ ይመሻል።
መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ፣ በፎይል ከድኜው፣
ቀኑን ስገላበጥ፣ እንቅልፍ እንደ ወንፊት ነው፤
የፖስተኛው ደወል፣ የጎረቤት ውሻ፣
በየቀዳዳው ገብቶ፣ ይነሣኛል መሸሻ።

ዘንድሮ ወሬ መጣ።
አለቃችን ሬኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረና፣
ቅጠሉን ገልብጦ አየ፤ ቢጫ ሆኗልና።
ሌት ተቀን የበራበት፣ ያላረፈ ተክል፣
ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይገረጣል፣ ይዝላል።
የዕፅዋት ባለሙያ መጥታ ፈረደች፦
«ቲማቲም ጨለማ ካጣ፣ ይታመማል» አለች።
ከማታ አራት ሰዓት እስከ ሌሊት አሥር፣
መብራቱ እንዲጠፋ፣ መጋረጃው ከላይ እስከ ግድግዳው ሥር
እንዲዘረጋ፣
በጽሑፍ ተለጠፈ፤ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው።
ኮርኔሊስ እንቅልፍ አገኘ፤ ዶሮውም ልብ ገዛ፣
ከጎህ ጋር ብቻ ይጮኻል፣ እሱንም ሳያበዛ።

እኛስ?
እኛ ወደ ማሸጊያው አዳራሽ ተዛወርን፤
ከነጩ አምፖል ሥር፣ በስድስት በስድስት ደረደርን።
ዎይቼክ ሣጥን እንዳዘለ፣ ሳቀና፦ «አየሽ፣ ይታክቱ፣ አየሽ፣
ቲማቲም ብትሆኚ ይለጠፍልሽ ነበር፤ ሰው ሆንሽ!»
ሳቅሁ። ሳቅ ግን አልጋ አይሆንም።

ሠላሳ ደቂቃ ናት የሌሊት ዕረፍታችን።
ሌላው ወደ ካንቲን፣ ወደ ሾርባው ሲያመራ፣
እኔ በጎን በር ገብቼ፣ ከአርባ አንደኛው ተራ፣
ከሐረጉ መሃል፣ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ።
የመስኖው ቧንቧ ጠብ ይላል፤
የንቦቹ ሣጥን ዝም ብሏል።
እጄ ቅጠል ቅጠል ይሸታል፣ መራራ።
ፍሬው አይታይም፤ መኖሩን የማውቀው
በክብደቱ ነው፣ ትከሻዬን ሲነካው።
ያቺ የሰሊጥ ታህል ዶሮዬም፣ እየተጠራጠረች፣
አንድ ክንፏን አጠፈች፤ ሌላውን ግን ዘርግታ ቆየች።

ኪሴ ውስጥ ስልኩ በራ። ከአዳራሹ ነው የጠሩኝ።
ቶሎ በመዳፌ ከደንሁት፣ ተክሉ እንዳይነቃብኝ፤
ብርሃኑ ግን በሥጋዬ አልፎ፣ ጣቶቼ ቀሉ፣
አንድ በአንድ፣
ልክ እንደ በሰሉ።